ካርቦኑ ቀርቶ ዋናው

ዛሬ የጽሕፈት መኪና ድምፅ የሚሰማ ሰው የለም። እኔ ግን ሶዶን ባሰብሁ ቁጥር አስቀድሞ ጆሮዬ የሚገባው እሱ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲል “ቅጭል” የምትለዋ ደወል፣ ከዚያም ወረቀቱን የተሸከመው ክፍል በእጅ ተገፍቶ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚያሰማው ሽርርታ። ይህን ድምፅ ተከትሎ ሁልጊዜ ሌላ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ከዳሞታ ተራራ በኩል ቁልቁለቱን ፔዳል ሳይመታ የሚወርድ ብስክሌት፣ የኋላ ጎማው የሚያሰማው ትርትርታ። የመጀመሪያው የአስናቀች ነበር። ሁለተኛው የታናሽ ወንድሟ የጦና።

ከሁለቱ ጋር በአንድ ግቢ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። እነርሱ በፊተኛው ቤት፣ እኔ በስተጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ከአስናቀች ጋር መሥሪያ ቤታችንም አንድ ነበር፤ የዞኑን ወጣቶችና ስፖርተኞች ጉዳይ ከብዙ ሌላ ጉዳይ ጋር ደባልቃ የያዘች ትንሽ መሥሪያ ቤት። እሷ ታይፒስት፣ እኔ መዝገብ ቤት። እሷ የጻፈችውን እኔ ቁጥር ሰጥቼ እመዘግባለሁ፣ ቀሪውን በፋይሉ አስገባለሁ። ኑሯችን ይኸው ነበር።

አባትና እናታቸው በዴሳ አጠገብ የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ተከታትለው ሲሞቱ አስናቀች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ጦና ደግሞ ስምንት ዓመቱ ነበር። እጁን ይዛ ሶዶ ገባች። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ታይፕ ተማረች፤ ፊደሉን ሳታይ መምታት ስትችል ተቀጠረች። ለትዳር የጠየቋት ደኅና ደኅና ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ። ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር፤ “መጀመሪያ ጦና ይቁም።” ጦና ሲቆም ደግሞ ጠያቂዎቹ ሚስት አግብተው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያስገቡ ነበር።

ጦና ቤት ውስጥ የሚናገረው ወላይትኛ ነው። አማርኛውን ከመናኸሪያና ከትምህርት ቤት ስለለቀመው ሴትና ወንድ አይለይለትም ነበር። እህቱን “ሚቼ” ነው የሚላት፤ በቋንቋቸው እህት ማለት ነው። ከደጅ ሲገባ “ጋሽ ቶማ፣ ሚቼ መጣ?” ይለኛል። “መጣች” ብዬ አርመዋለሁ። “እሱን ነው ያልሁት” ይለኛል። እሷም በተራዋ “ኢሻው” ትለዋለች፤ ወንድሜ እንደማለት። ሆዷ ሲባባ ወይም ሲከፋት ነው ይህን የምትለው። በሌላው ጊዜ በስሙ ነው የምትጠራው።

ብስክሌት የጀመረው ሜዳ ዳር በግማሽ ሰዓት ከሚያከራዩት ሰዎች ዘንድ ነው። የመከራያ ስለሌለው ጎማ እየለጠፈ፣ ካቴና እያጠበ በሥራው ይነዳ ነበር። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰ አዲስ አበባ ያለ አንድ ማሠልጠኛ ብስክሌተኞችን ይቀበላል የሚል ወሬ ሰማ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የኋለኛው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና። ትምህርት ቤቱ ጽፎለት የነበረውን የማስረጃ ደብዳቤ ጣራው አፍስሶ ውኃ በልቶት ነበር። ጦና ትምህርት ቤቱ ዘንድ ቀርቶ የነበረውን የካርቦን ቅጂ ለምኖ አወጣና ይዞ ሄደ። በመስኮቱ በኩል የተቀበለው ሰው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። “ይሄ ካርቦን ነው። ዋናውን አምጣ” አለው። ዋናው የለም። ጦና በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ “ዋናው” የሚለው ቃል እንደ ሌሎቹ ቃላት አልነበረም።

መናኸሪያው አጠገብ የጥገና ቤት ከፈተ። ቤት ስል አራት እንጨትና አንድ ቆርቆሮ ነው። ከሥራ በፊት ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ እስከ ቦዲቲ ይነዳል፤ አንዳንዴ በበዴሳ ጠጠር መንገድ ይሄድና አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ብስክሌቱ ከሦስት ብስክሌቶች አጥንት የተገጣጠመ ነው፤ የፊት ቸርኬው ከኋላው ጋር ቀለሙ አይገጥምም። በዚያው ብስክሌት ዞኑን ወክሎ አዋሳ ላይ ተወዳደረ። በ1996 ዓ.ም. ነው። አምስተኛ ገባ።

ስለ አምስተኛነቱ ግን አላወራልንም። ያወራልን ስለ ሌላ ነገር ነው። አንደኛ የወጣው ከሰሜን የመጣ ልጅ ውድድሩ ሲያልቅ ብስክሌቱን እንዲይዝለት ሰጥቶት ውኃ ሊጠጣ ሄደ። ጦና ወደ ጥላ ሊያዞረው ብሎ ቢያነሣው ብስክሌቱ ካሰበው በላይ ወደ ላይ መጣ።

“በስንት ጣት እንዳነሣሁት ታውቃለህ ጋሽ ቶማ?” አለኝ። ትንሿን ጣቱን አሳየኝ። “በዚች። ልጁን ‘ምንድን ነው ይሄ?’ ስለው ‘ፋይበር’ አለኝ። ፋይበር። ስታንኳኳው ድምፁ እንደ ብረት አይደለም፤ እንደ ደረቅ ቅል ነው።”

“ታዲያ በነፋስ አይበርም?” አለች አስናቀች።

“ሚቼ፣ እሱ እኮ ነው የምፈልገው።”

ከዚያ በኋላ ፋይበር የቤቱ ወሬ ሆነ። ጦና ከገበያ ሙዝ ሲገዛ ሚዛን ላይ ሰባት ኪሎ አስመዝኖ ዘለላውን በትንሿ ጣቱ አንጠልጥሎ ይመጣ ነበር፤ የፋይበሩን ብስክሌት ክብደት ላለመርሳት። አስናቀችም በጸሎቷ መጨረሻ ላይ ፋይበርን በስሙ ትጠራ ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በሽታ መስሏቸው “ጌታ ይፈውሰው” ይሏት እንደነበር ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች።

በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሚልክያስ ስልክ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ሲጮኽ ሰማን። መስመሩ ያን ሰሞን መጥፎ ነበር። ከዚያ ፖስታ ጀርባ ላይ የጻፈውን ይዞ ወደ እኛ ክፍል መጣ።

“ተክለጻድቅ ነው፣ የብስክሌት አሰልጣኙ፣ ከአዲስ አበባ” አለ። “ከውጭ አገር የተለገሱ ብስክሌቶች መጥተዋል። ለእኛ አንድ ደርሶናል። ለጦና ነው። በሰኔው የአዋሳ ውድድር ከአንድ እስከ ሦስት ከገባ የአዲስ አበባ ክለብ ይወስደዋል።”

አስናቀች እጇን ከፊደሎቹ ላይ አነሣች።

“ከሁለት አንዱን ምረጡ ነው የሚለው። እስከ ዓርብ በደብዳቤ ካላሳወቅን ለሌላ ዞን ይሰጣል።”

“ሁለቱ ምን ምን ናቸው?”

አቶ ሚልክያስ ፖስታውን ከዐይኑ አራቀው። “አንዱ ካርቦን ነው አለ። ትንሽ ያገለገለ። አንዱ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ አልተነሣም።”

“ካርቦን?”

“እኔም ‘ካርቦን ማለት?’ ስለው መስመሩ ተቆረጠ።”

ሦስታችንም ሳንነጋገር የእሷን ጠረጴዛ ተመለከትን። መኪናው ላይ ሦስት ወረቀት ተደራርቧል፤ በየመካከላቸው ሰማያዊው ካርቦን ጫፉ ወጥቶ ይታያል። የአስናቀች አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊ ነበር፤ በሳሙናም በሎሚም አይለቅም።

“ካርቦን ያው ካርቦን ነዋ” አልሁ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው ላይ አላላክክም። “ከዋናው የተቀዳ።”

“አስመስለው የሠሩት ማለት ነው” አለ አቶ ሚልክያስ። “ገበያውን የሞላው እሱ አይደል? ጫማው ካርቦን፣ ሰዓቱ ካርቦን። እኔ ኃላፊያችሁም ብሆን ዋናው ልሁን ካርቦኑ አልተጣራም።”

አስናቀች አልሳቀችም። “ሦስተኛው ካርቦን ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል” አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ሰው። “ይሄ ደግሞ ያገለገለ ካርቦን ነው።”

መልሰን ብንደውል ሁለት ቀን መስመር የለም። ጦናን እንጠይቀው ስል አቶ ሚልክያስ ከለከለ። ባለፈው ዓመት የውድድር ጫማ ይመጣልሃል ብለነው ሳይመጣ ቀርቶ፣ ልጁ ስንት ወር ሙሉ መናኸሪያው ላይ ከአዲስ አበባ የሚገባ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ቀና እያለ ያይ ነበር። “እጃችን እስኪገባ አንድ ቃል እንዳይሰማ” አለ። አስናቀችም ራሷ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ድንገት ልታስደስተው።

ግን ልቧ አላረፈላትም። በሁለተኛው ቀን አመሻሹ ላይ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ስኳር ድንች ስንልጥ ጀመረችው።

“ጦና፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁለት ነገር ቢያቀርቡልህ፣ አንዱ ካርቦን፣ አንዱ ዋናው፣ የቱን ትላለህ?”

ጦና ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ከጎማ የወጣ ካላማዳሪያ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ቀና አላለም።

“ምን ዓይነት ነገር?”

“ምንም ይሁን። ዝም ብለህ መልስ።”

“መሥሪያ ቤት ነው የጠየቀው?”

“መልስ አልሁህ እኮ።”

አረፋው ወጣ። ቀዳዳው ላይ ጣቱን ጫነበት። “ሚቼ፣ እኔን ነው ስለ ካርቦን የምትጠይቀው?” አለ። “ካርቦን ምን እንዳደረገኝ አታውቅም? ዋናው ከሌለ ባዶ እጄን ልቅር።”

አስናቀች ወደ እኔ ዞራ በዐይኗ ጠቀሰችኝ። ያን ፊቷን ዛሬም አየዋለሁ።

በማግሥቱ ደብዳቤውን ጻፈች። እንደዚያ ቀን አስተካክላ የጻፈችው ደብዳቤ አላውቅም፤ አንድ ፊደል አልሳተችም። “በስልክ ከተገለጹልን ሁለት ብስክሌቶች መካከል ካርቦኑ ቀርቶ ዋናው አዲሱ እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን” ይላል። አቶ ሚልክያስ ፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። ዋናው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ካርቦኑን ተቀብዬ ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አሰልጣኝ ተክለጻድቅ ራሱ ብስክሌቱን ይዞ መጣ። ጦና ተጠርቶ እጁ ቅባት እንደሆነ ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካርቶኑን ከፈትንለት። አዲስ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ብስክሌት ነው። ጦና ፊቱ በርቶ ጎንበስ አለ፤ ከላይኛው ቱቦ ሥር ትንሿን ጣቱን አስገባ። ብስክሌቱ አልተነሣም። በጥፍሩ አንኳኳው። ብረት ነው።

“ያምራል” አለ፤ ከልቡ ነበር። ቆይቶ ደግሞ፣ “አሰልጣኝ፣ ፋይበር የለም ነበር?”

ተክለጻድቅ ሳቀ። “የለም ነበር ትለኛለህ? ካርቦኑን እንቢ ያላችሁት እናንተ። መንገዳቸው ጠጠር ስለሆነ ፈርተውለት ይሆናል ብዬ ለሌላ ዞን ሰጠሁት።”

“ካርቦን?”

“ካርቦን ፋይበር። ሙሉ ስሙ እኮ ነው። እናንተ ‘ፋይበር’ ትሉታላችሁ፣ እኛ ‘ካርቦን’ እንለዋለን።”

ጦና ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት አየሁ። ሳፋው፣ አረፋው፣ የእህቱ ጥያቄ፣ ሁሉም በየተራ ፊቱ ላይ ሲያልፍ ይታወቀኛል። አሰልጣኙ አቶ ሚልክያስን ሰላም ሊል ወደ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ቅጽበት አስናቀች ሰማያዊ ጣቶቿን በቀሚሷ እየጠረገች እየሮጠች ወጣች።

“ፋይበሩ ነው?” አለች። “ጦና፣ እሱ ነው?”

ጦና ቅባታም እጁን በሱሪው ጠረገ።

“አዎ ሚቼ” አላት። “ፋይበሩ ነው።”

“እስኪ በትንሿ ጣቴ።”

ጣቷን ከቱቦው ሥር አስገባች። ጦና ከኋላዋ ዞረና ቀለም እንዳይፋቅ የሚጠነቀቅ መስሎ እጁን ከኮርቻው በታች አደረገ። ብስክሌቱ ከመሬት ተነሣ። አስናቀች እንደ ሕፃን ሳቀች። “ምንም አይከብድም” አለች፤ “ምንም።”

በሰኔው ውድድር ጦና ስድስተኛ ገባ። ያን ሌላውን ብስክሌት የያዘው ልጅ ሁለተኛ ወጣ። ጦና ማታ ከአዋሳ ሲመለስ አስናቀች በሩ ላይ ነበረች።

“ፋይበር ይዘህ?” አለችው። ልትወቅሰው አልነበረም፤ ስላልገባት ነው።

“እግሬ ነው ሚቼ” አላት። “እግሬ ከብስክሌቱ አነሰ።”

ያን ቃል መስማት የከበደኝ እኔ ነበርሁ። ለሳምንታት አስናቀች እግሩን የሚያጠናክር ነገር ስትፈልግ ሰነበተች፤ አጥንት ስትቀቅል፣ ቅቤ በሰም ለውሳ ጉልበቱን ስታሽ። ጦና እግሩን ዘርግቶ ይሰጣታል። አንድ ቀን ከጥገና ቤቱ ፊት ተቀምጠን፣ “ለምን አትነግራትም?” አልሁት። “እግርህ እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።”

ጎማ እየሞላ ነበር፤ መጀመሪያ እሱን ጨረሰ።

“ጋሽ ቶማ፣ እሷ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ጻፈ” አለኝ። “ባል ቢመጣ አልመረጠ፣ ልብስ አልመረጠ። በሕይወቱ አንድ ነገር መርጦ ሰጠኝ። እሱንም ልቀማው?”

አላረምሁትም።

ሁለት ዓመት ያህል ተወዳደረ፤ ሰባተኛ፣ ስድስተኛ፣ አንዴ አራተኛ። ከዚያ ተወው። ቀዩ ብስክሌት ሳሎኑ ጥግ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አስናቀች ለኮርቻውና ለላይኛው ቱቦ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት፤ እንግዳ ሲመጣ “የጦና ፋይበር” ብላ ታሳያለች። እሱ ወደ ሥራው ይሄዳል። በየዓመቱ ጥር ላይ በብስክሌት ወደ ኬንያ የሚወርዱ ፈረንጆች በሶዶ በኩል ሲያልፉ ግን ጦና ሌላ ሥራ አይሠራም። ከመካከላቸው የአንዱ ጎማ ቢፈነዳ ይለጥፍለታል፤ ዋጋ ሲጠይቁት እጁን ያወዛውዝና ብስክሌቱን ያነሣል። በትንሿ ጣቱ ነው የሚያነሣው። ትንሽ ይዞት ይቆማል፤ ከሚገባው በላይ ይዞት ይቆማል። ሲሄዱ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ፣ ሰማዩ ሲጠራ በሩቁ የሚያብለጨልጨውን የአባያን ሐይቅ ያያል። ከዚያ ተመልሶ ሳፋው አጠገብ ይቀመጣል።

ዓመታት አለፉ። መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ገባ፤ የጽሕፈት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ መጋዘን ገባ። አስናቀች ወደ እኔ፣ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ጣቶቿ ነጡ። ደብዳቤው ስላለበት ፋይል ሁልጊዜ እሰጋ ነበር፤ የ1998ቱን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የማትደርስበት ቦታ አስቀምጬው ነበር።

የፈራሁት የመጣው ግን ከመደርደሪያው አይደለም። በ2006 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አሰልጣኝ ተክለጻድቅ ለሠርግ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ሶዶ ላይ አረፈና ጦናን ፈልጎ ቤት መጣ። ጡረታ ወጥቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። አስናቀች ሥጋና ዳጣ አቀረበችለት፤ እኔም ተጠራሁ። አቶ ሚልክያስን አነሣን፣ የአዋሳን ሙቀት አነሣን። እየበላ ሳለ ዐይኑ ጥጉ ላይ አረፈ።

“አሁንም አለ እንዴ?” አለ። “ደኅና አድርገህ ይዘኸዋል።”

“ፋይበር እኮ ነው፤ እንዴት ይጣላል?” አለች አስናቀች። “ዳንቴሉን የሠራሁለት እኔ ነኝ።”

“ፋይበር?”

“አሰልጣኝ፣ ሥጋ ይጨምሩ” አለ ጦና። “ዳጣውን ይንኩት፤ የዛሬው አያቃጥልም።”

ሰውየው ክፋት የለውም። የድሮ ጨዋታ ያገኘ መስሎት ሳቀ። “ፋይበሩንማ እናንተ ናችሁ የመለሳችሁት እመቤቴ። ስንት ዓመት ሳሠለጥን ‘ካርቦኑ ይቅርብን’ ብሎ በማኅተም የጻፈ ዞን ከወላይታ ሌላ አላየሁም። ደብዳቤውን ለስንት ሰው አሳይቼዋለሁ።”

ጦና ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረ።

“ካርቦን” አለች አስናቀች፤ ቀስ ብላ። “ካርቦን ማለት ፋይበር ነው?”

“ካርቦን ፋይበር ነዋ። አንድ ነው።”

“ይሄስ?”

“ይሄማ ብረት ነው። ጠንካራ ብረት ነው እንጂ አልናቅሁትም።”

አስናቀች እጇን ታጠበች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች። ተነሥታ ወደ ጥጉ ሄደች፤ ዳንቴሉን ከቱቦው ላይ ገፈፈች፣ ከኮርቻውም ላይ አነሣች፣ ሁለቱን ደርባ አራት ላይ አጠፈቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትንሿን ጣቷን ከቱቦው ሥር አስገባች። ጦና ከመቀመጫው ተነሥቶ ከኋላዋ ቆመ፤ እጁም ሳያስበው ይመስለኛል ከኮርቻው በታች ገባ።

አልዞረችም።

“ኢሻው” አለችው፤ “እጅህን አንሣ።”

እጁን አነሣ። እሷ ጣቷን ሳበች። የፊተኛው ጎማ ትንሽ ዞረ፤ ብስክሌቱ ካለበት አልተነሣም። ደግማ ሳበች፤ የጣቷ ጫፍ ነጣ። ከዚያ ጣቷን አወጣች፤ ብስክሌቱ እንዳይወድቅ በጥንቃቄ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። የታጠፈውን ዳንቴል በእጇ ይዛ በመካከላችን አልፋ ወጣች። እንግዳውን “ይጫወቱ” እንኳ አላለችውም።